ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቢጫ በር

— ሄሎ… ሄሎ፣ የት ደረሳችሁ? በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቢጫው በር… ማን? ማሙሽ? አንተ ነህ እንዴ?

ስልኩን ያነሳችው የደዋዩን ቁጥር እንኳ ሳታይ ነው። አንድ እግሯ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ መንገድ ላይ፣ አንገቷን አስግጋ የምትጠብቀው የአምቡላንሱን ሾፌር ነበር። የደወለው ግን ታናሽ ወንድሟ ሆነ። ጺም አሳድጎ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶም ቤተሰቡ «ማሙሽ» ማለቱን ያልተወለት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። እህትና ወንድም አንድ ቦታ ነው የሚሠሩት። መሥሪያ ቤታቸው የከተማውን የአምቡላንስ ጥሪ ይቀበላል፣ መኪኖቹን ያሰማራል፤ ሾፌሩ ፊት ለፊት ተሰክታ አድራሻ የምታሳየውን ትንሽዬ ስክሪንም የሚሠራው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። እሷ የፕሮግራሙን ሥራ ከጀመሩት አንዷ ናት፤ ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» ይሏታል፣ የማንም ኮድ በእሷ ሳይነፋ አያልፍም። አሁን ግን አባቷን ለማስታመም ፈቃድ ወጥታ ቤት ከዋለች ሰንብታለች። ዛሬ ስምሪት ክፍል ውስጥ ተረኛ ሆኖ የተቀመጠው ማሙሽ ነው።

— ደርሷል ማለት ምን ማለት ነው?… ማን ነው ደርሷል ያለህ?… ሾፌሩ በሬዲዮ። እሺ። ሾፌሩ ደርሻለሁ ካለ እንግዲህ ደርሷላ፣ እኔ ነኝ ዓይኔ የጠፋው።

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየችው። የጎረቤት ውሻ ግድግዳ ጥግ ተጋድሟል። ማዶ አንዲት ሴትዮ ልብስ እያሰጡ ነው። አምቡላንስ ቀርቶ ብስክሌት የሚባል ነገር የለም።

— ማሙሽ፣ ስማኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ውሻ ነው። ውሻ። መብራት የለው፣ ሳይረን የለው… አልቀለድኩም። ምን የሚያስቀልድ ነገር አለ? አባባ ትንፋሽ አጥሯቸዋል እያልኩህ ነው። የሚነፋው መድኃኒት አልቋል፤ ጠዋት የቀረችውን ነፍተው እሷም አልያዘችላቸውም… አዎ፣ ተቀምጠዋል። እንዴት ይተኛሉ? ቢተኙማ ያልቅልናል።

እየተናገረች ወደ ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸውን እስከ ጆሯቸው ሰቅለው አየር ይጎትታሉ። ደረታቸው ያፏጫል። አስሙ የቆየ ጠላታቸው ቢሆንም እንዲህ አድርጎ ይዟቸው አያውቅም፣ ከንፈራቸው ዳር ዳሩን መጥቆር ጀምሯል። አክስቷ የካርቶን ክዳን ይዘው ያራግቡላቸዋል። አምቡላንስ የጠሩትም አክስቷ ናቸው። ደውለው አድራሻውን ሲናገሩም እሷ አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… አንብብልኝ። ሾፌሩ ጋ ያለውን አንብብልኝ። ያንተን ኮምፒውተር አላልኩህም፣ ያንተማ ሙሉ ነው። መኪናው ውስጥ ያለችው ስክሪን ምን ትላለች?… እሱን መክፈት ትችላለህ፣ ማሳያው እዚያው ነው። ክፈተው። እጠብቃለሁ።

ጠበቀች። አክስቷ መኪናው የት ደረሰ እንደ ማለት ቅንድባቸውን አነሱባት፤ እጇን አወናጭፋ መለሰችላቸው።

— እሺ… «ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቢጫ በር»። እሺ… ከዚያስ?… ከዚያስ ማሙሽ?

ከዚያ ምንም የለም አለ ማሙሽ። አለቀ፣ ይኸው ነው።

እሷ ደግሞ አክስቷ የተናገሩትን አልረሳችም። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቢጫ በር፣ ገበያው አጠገብ ያለውን ወፍጮ ማለቴ አይደለም፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን አሮጌውን ነው፣ ካጣችሁት በዚህ ስልክ ደውሉ ብለው ቁጥሩን ሰጥተው ነበር። ሰው አድራሻ ሲናገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ፊት ያለውን ይጠራል፣ የሚያሳስተው ነገር ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። የጥሪ ተቀባዮቹም ደንብ ደዋዩ ያለውን ቃል በቃል መጻፍ ስለሆነ ሁሉም ተጽፏል። ሾፌሩ ጋ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ቁራሽ ብቻ ነው። የስልክ ቁጥሩም ከጭራው ጋር አብሮ ስለቀረ፣ ሰውየው ቢጨንቀው እንኳ የሚደውልበት የለውም።

— የትኛው ወፍጮ ማሙሽ?… አዎ፣ ሁለት ነው። እዚሁ ሰፈር አይደል እንዴ ያደግኸው? ሾፌሩ ገበያው ጋ ነው ያለው። ሰውየው ገበያው ጋ ሄዶ የማንን በር እንደሚደበድብ እግዜር ይወቅ። ንገራት፣ ለስምሪቷ ልጅ አሁኑኑ ንገራት። ስልኩን አትዝጋ።

የማሙሽ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማት። ከዚያም ድምፁ ራቅ ብሎ፣ ለስምሪቷ ልጅ፣ ለሬዲዮ ተቆጣጣሪዋ፣ ሾፌሩ ተሳስቷል፣ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው አሮጌው ወፍጮ መልሺው ሲላት ሰማች። ኮስተር ብሎ፣ ሌላውን በሚያርም ሰው ድምፅ ነው የተናገረው። «ተሳስቷል» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተሰነቀረች። ለጊዜው ዋጥ አደረገቻት፤ መኪናው ይቀድማል።

— ሰማሁህ… ምንም። ሰማሁህ ነው ያልኩህ። ዞሯል?… ይዙር። ከገበያ እስከ ድልድዩ መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ አይደል?… እባክህ አይዞሽ አትበለኝ። አይዞሽ የምትለኝ አንተ አይደለህም።

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ ከአባቷ ጀርባ ትራስ ደረደረች።

— እትዬ፣ ያንን መስኮት ወለል አድርገው ይክፈቱልኝ… አባባ፣ አይናገሩ። በቃ፣ አይናገሩ። እየመጣ ነው። ቀስ ብለው ያውጡት፣ ሻማ እንደሚያጠፉ… እንደሱ… ማሙሽ ነው የደወለው። ሾፌሩ መንገድ ተሳስቷል ይላል ልጅዎ።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ትንፋሽ አጥሯቸውም ቢሆን «ሾፌሩ ተሳስቷል» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ጣታቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ነቀነቁ። ይህቺን ነገር በሥራ ዘመናቸው ስንት ጊዜ እንደሰሟት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ከዚያ መልሰው አየሩን መጎተት ያዙ።

— ማሙሽ፣ አለህ?… አሁን ንገረኝ። ቀስቷ የት ሄደች?… ምን ቀስት ትላለህ ደግሞ? አድራሻው ከስክሪኑ ሲተርፍ ጥግ ላይ ቀስት ትወጣለች፣ ሾፌሩ ይነካትና ቀሪውን ያነባል። ድምፅም አላት፣ ጢው ትላለች… አጠፋሃት።

ወደ ጓዳ በር ሄዳ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጠች፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ንግግር ሳል እየያዛቸው እንዲሰሙ አልፈለገችም።

— ለምን አጠፋሃት?… ጮክ በል፣ አትንሾካሾክብኝ።

ጮክ ማለት አልቻለም። ኃላፊው እንግዶች ይዞ ስምሪት ክፍሉን እያስጎበኘ ነው፤ ማሙሽ ጠረጴዛ ጋ ደርሰው እንዴት ያማረ ስክሪን ነው ብለው ያለፉት ገና አሁን ነው። ነገሩም የጀመረው ከዚሁ ነው። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ኃላፊው ያቺን ጢው የምትል ነገር ዝም አሰኝልኝ፣ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የምትወጣዋን ጥቁር ምልክትም አጥፋልኝ ብሎት ነበር። ወንፊቷ ፈቃድ ላይ ናት፣ ማሙሽም ሥራ ማሳየት የሚፈልግበት ወቅት ነው። አጠፋ።

— ጥቁሯ ምልክት ምን እንደሆነች ታውቃለህ?… ግማሽ ፊደል ናት፣ አዎ። ጎበዝ። የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይፈጃል፣ መቁረጫው መሃሉ ላይ ሲያርፍ ግማሹ ይቀርና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እና እኔ ያንን ማስተካከል ከብዶኝ የተውኩት መሰለህ?… ሆን ብዬ ነው። አስቀያሚ ነገር ዓይን ይይዛል። ሾፌሩ ያያታል፣ «ኧረ ይሄ ነገር አላለቀም» ይላል።

ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ የሕይወት ዘመን ጣጣ ነው። በሲ ጽሑፍ የራሱን ልክ አያውቅም፤ የባይት፣ ማለትም የትንንሽ ቁጥሮች፣ ሰልፍ ነው፣ ማለቁ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ በቆመች ዜሮ ብቻ። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው አሮጌው መቅጃ ፈንክሽን፣ ጽሑፍ ከቦታ ወደ ቦታ የሚገለብጠው የኮድ ቁራሽ፣ ደግሞ ማስቀመጫው ይብቃ አይብቃ ግድ የለውም፣ ዝም ብሎ ይገለብጣል፤ ሲሞላ ጎረቤት ሚሞሪ ላይ ይፈሳል፣ ፕሮግራሙም እዚያው ፍግም ይላል። ወንፊቷ መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም መጀመሪያ የጻፈችው ይህን የሚተካ አጋዥ ፈንክሽን ነበር። የእሷ መቅጃ የማስቀመጫውን ልክ ይጠይቃል፣ ከልኩ አያልፍም፣ መዝጊያዋን ዜሮ አይረሳም። ሲጨርስ ደግሞ ጽሑፉ በሙሉ ስንት ባይት እንደነበር ለጠራው ሰው ይመልሳል። የተመለሰው ቁጥር ከማስቀመጫው ከበለጠ ያልገባ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቀስቷንና ድምጿን የሚያስነሳው ይህ ቁጥር ነው።

— የሚመልሰውን ቁጥርስ ምን አደረግኸው?… ምንም። እና ኮምፓይለሩ ዝም አለህ?… አላለህም። እንዴት ዝም ይልሃል፣ እንዲጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የመለሰልህን ሳትቀበል ከሄድክ እንዲጮህብህ ነው ያሰርኩት… እና ሲጮህብህ?… «ቮይድ»።

«ቮይድ» ማለት በዚያ ቋንቋ፣ የመለስክልኝን አውቄ ነው የጣልኩት፣ አፍህን ዝጋ እንደ ማለት ነው። ከፈንክሽኑ ፊት ትጻፋለች፣ ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ባለቤቱ ካለ ምን አገባኝ ብሎ ዝም ይላል።

— ቮይድ ጻፍክበት። እኔ አንተን ብዬ፣ እንዳንተ ያለውን ችኩል ብዬ ያስቀመጥኳትን ጩኸት በአንዲት ቃል አፏን አፈንካት። ከዚያስ?… ቀጥል፣ ሁሉንም ንገረኝ፣ ያንተ ነገር ማለቂያ የለውም… ግማሽ ፊደሉን ቆረጥክ። እሺ… ፊደሉን ብቻ አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ሙሉ ቃል ድረስ ወደ ኋላ ሄድክ። ለምን?… ቃል መሃሉ ላይ ሲቆረጥ ስለሚያስጠላ። ከዚያስ?… ነጠላ ሰረዟንም።

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ግድግዳውን አየችው። መልሳ አስጠጋችው።

— አባባ ትንፋሽ አጥተው እዚህ ያፏጫሉ፣ አንተ ነጠላ ሰረዝ ትጠርጋለህ። ገባህ ያደረግኸው?… መቁረጥህ አይደለም ያናደደኝ፣ መቁረጥ ያለ ነው፣ ስክሪኗ ትንሽ ናት። የተቆረጠውን ያልተቆረጠ አስመሰልከው። ገበያው ጋ የቆመው ሰውዬ ፊቱ ላይ ያለው ሙሉ አድራሻ ነው፤ ምንም የጎደለው አይመስልም። በምኑ ይጠርጥር? አንተ ብትሆን በምኑ ትጠረጥር ነበር?… እኮ።

ከኋላዋ አባቷ ሳል ጀመራቸው። ሲጀምር ደረቅ ነበር፣ ቀጥሎ መጨረሻ የሌለው ሆነ። አክስቷ ካርቶኑን ጥለው ጀርባቸውን ያዙ። እሷም ስልኩን እንደያዘች ተንደርድራ አጠገባቸው ተንበረከከች።

— አባባ… አባባ፣ ይዩኝ፣ ወደኔ ይዩ። ቀስ… ቀስ ብለው… እትዬ፣ ውኃ አይስጧቸው፣ ይታነቃሉ… ማሙሽ፣ የት ደረሰ?… ድልድዩ ላይ። ድልድዩ ላይ ቆሟል ነው ወይስ እየተሻገረ ነው?… አጣራ። አጣራልኝ፣ አባባ እየከፋባቸው ነው።

ማሙሽ ጠይቆ ተመለሰ። እየተሻገረ ነው፣ ሌሎቹ መኪኖች ጥግ ይዘውለታል። ሳላቸው ጋብ ሲል አባቷ ግንባራቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉት። ላባቸው በልብሷ ዘለቀ። ንዴቷ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም አሁን ነው መልኩ የለየላት።

— ማሙሽ… እያለቀስክ ነው?… አሁን አታልቅስ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቀጥ አድርገህ መልስልኝ። አሁን ከዚህኛው ሌላ ለጥሪ የወጣ መኪና አለ?… አለ ወይስ የለም?

አለ። ሁለት ሌሎች ወጥተዋል።

— እና አድራሻቸው?… ታውቃለህ እንጂ፣ ለምን አታውቅም። ያንተ ፈንክሽን እነሱም ላይ ነው ያለው። ረዘም ያለ ከሆነ ተቆርጧል፣ አምሮ ተቆርጧል። ለስምሪቷ ልጅ ንገራት… የምን ማታ?… የምን አዲስ ቨርዥን? ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ቀስ ብለህ ልታስገባ ነው?

ማሙሽ አስረዳት፣ ለመናትም። ከጎኑ ኃላፊው ቆሟል፣ እንግዶቹ ቆመዋል። አሁን ተነስቶ ስክሪኖቹ በሙሉ አድራሻ እየቆረጡ ነው ቢል እዚያው ነው የሚያሰናብቱት። የሙከራ ጊዜ ላይ ነው፣ ማን ይሰማዋል። ማንም ሳያውቅ ዛሬውኑ ያስተካክለዋል፣ የፈለገችውን ይማልላት። የአባባንም መኪና መልሶላቸዋል አይደል? ሾፌሩም ቢሆን ሁለት ወፍጮ መኖሩን ማወቅ ነበረበት።

— ዝም በል… ዝም በል አልኩህ። ሾፌሩን አትንካብኝ። ለስምሪቷ ልጅ ሾፌሩ ተሳስቷል ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ጆሮ አለኝ። የሾፌር ልጅ አይደለህም እንዴ? አባባ ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክመው ወደ ቤት ሲገቡ አላየህም?… አላየህም፣ አንተ ሕፃን ነበርክ። እኔ አይቻለሁ።

ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። አባቷ እንደሰሙ ገባት፣ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

— ስማኝ ማሙሽ። ማባረር ያባርሩህ ይሆናል። አላውቅም። እኔ ልከላከልልህ እሞክራለሁ፣ አሁን ግን ስለዚያ አናወራም። የአባባ መኪና ለምንድን ነው የተመለሰው?… ልጃቸው ስክሪኑ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። ሌላዋ ልጃቸው ደግሞ ኮዱን የጻፈች ስለሆነች ነው። እዚያ ማዶ በሩ ላይ ቆሞ መኪና የሚጠብቀው ሰው ማን አለው?… ንገረኝ፣ ማን አለው?

በዚህ መሃል ከሩቅ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ሳይረኑ መጣ። ውሻው ተነስቶ መጮህ ጀመረ።

— መጣ። ሰማኸው?… አትዝጋ። እንዳትዘጋ፣ ገና አልጨረስኩም።

ሮጣ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ነርሱ የኦክስጅን ሲሊንደሩን አንጠልጥሎ ዘሎ ወረደ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የፉጨቱን ድምፅ ተከትሎ ገባ። አባቷ አፍና አፍንጫ ላይ መሸፈኛውን ሲገጥም፣ መርፌ ሲያዘጋጅ፣ አክስቷ ግድግዳ ተደግፈው ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ፣ እሷ ስልኩን እንደጨበጠች መሃል ቤት ቆማ ቀረች። ቀስ በቀስ የአባቷ ትከሻ ከጆሯቸው ወረደ። ከንፈራቸው መልኩ ተመለሰ።

ሾፌሩ መጨረሻ ገባ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወደ ውስጥ መዝለቅ ያፈረ ይመስል ደፉ ላይ ቆመ። እሷ ወዲያው ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ወደ ሰውየው አዞረችው።

ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀ። ገበያው ጋ ያሉትን ቢጫ በሮች ሁሉ ማንኳኳቱን፣ አንዲት ሴትዮ እንደሰደቡት፣ ሰፈሩን ስለማያውቀው ሰው መጠየቅ ይገባው እንደነበር ተናገረ። ስምሪትም መሳሳቱን በሬዲዮ ነግረውታል፣ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አባቴ፣ በእርስዎ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ኖሮ እንዴት አድርጌ መሪ እጨብጥ ነበር አላቸው።

አባቷ መሸፈኛውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉ። ነርሱ ሊከለክላቸው ቢል በክርናቸው ገፉት። እኔም ሾፌር ነበርኩ አሉት፣ በየቃሉ መሃል አየር እየሳቡ። ሾፌር የተጻፈለትን ነው የሚነዳው። የጻፈው ሰው ይጠየቅ እንጂ አንተ ምን አደረግህ። ይህን ብለው መሸፈኛውን መለሱት።

እሷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

— ሰማህ?… ማሙሽ፣ ሰማህ ወይ?

ስልኩ አልተዘጋም፤ የስምሪት ክፍሉ ጫጫታ ይሰማል። ቀጥሎ የማሙሽ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቀው አለ፤ ወንበሩም ወደ ኋላ ተገፋ።

አባቷን በቃሬዛ አውጥተው አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቡ፣ እሷም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ተከትላ ወጣች። ከኋላ ቦታ ስላልነበረ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ትንሿ ስክሪን በርታለች፣ «ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቢጫ በር» ትላለች። ጽድት ያለች ናት። ነጠላ ሰረዝ የላት፣ ጥቁር ምልክት የላት።

በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የወንድሟ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ማን እንደሆነ እንኳ አልለየችውም። ሾፌሩ አልተሳሳተም አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው፤ ሾፌሩ አልተሳሳተም፣ ስክሪኑ ነው። አድራሻውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ መቆረጡ እንዳይታይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ፣ ችግሩ ያለው ሁሉም መኪና ላይ ነው። ጫጫታው ጸጥ አለ። ኃላፊው አንድ ነገር ጠየቀ፣ ማሙሽ መለሰ፣ ምን እንደተባባሉ አልሰማቻቸውም። ከዚያ የስምሪቷ ልጅ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። በስልኩም መጣ፣ እዚሁ አጠገቧ ባለው የመኪናው ሬዲዮም መጣ። በስክሪኑ ያለውን ተዉት፣ አድራሻችሁን እስከ መጨረሻው እኔ ላንብብላችሁ እያለች የወጡትን መኪኖች መጥራት ጀመረች።

አንደኛው ወዲያው መለሰ፤ የእሱ አድራሻ አጭር ነበር፣ በሽተኛውን ጭኖ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው ዘገየ። ሬዲዮው ተንጫጫና የደከመው ሰው ድምፅ ወጣ። ደርሻለሁ ብያችሁ የለም እንዴ አለ፣ ቆየሁ እኮ፣ የሚከፍትልኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ከጎኗ ያለው ሾፌር ቁልፉን ሊያዞር የዘረጋው እጅ ባለበት ቆመ። ሬዲዮውን አየ፣ ትንሿን ስክሪን አየ፣ ከዚያም እሷን አያት።

— ማሙሽ?… ሄሎ… ማሙሽ፣ አለህ?

ስልኩ ጋ ማንም የለም። ምላሷ ላይ ገና ብዙ ስድብ ነበራት፤ ለማታ አስቀመጠችው። የስምሪቷ ልጅ ለዚያኛው ሾፌር የጎደለበትን ቀስ አድርጋ እያነበበችለት ነው፣ ከጀርባዋም ማሙሽ ቁጥሩን፣ የስልክ ቁጥሩንም ንገሪው ይላታል። እሷ ስልኩን ዘጋችና ለሾፌሩ እንሂድ አለችው።